ከሕፃን ጋር በአውሮፕላን፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጄ ጋር ስበር ስምንት ወሯ ነበር። ከጉዞው በፊት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የፈራሁት በረራውን አይደለም፤ ስታለቅስ ዞረው የሚያዩኝን ሰዎች ነው። ያ ፍርሃት ዝግጅቴን ሁሉ አበላሸው። ሰው እንዳይረበሽ ብዬ ቦርሳውን በአሻንጉሊት ሞላሁት፤ አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮዋን ምን እንደሚያደርጋት ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ በርረናል፤ ሁለተኛ ልጅም ተጨምሯል። ጓደኞቼና ዘመዶቼ ከጉዟቸው በፊት እየደወሉ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ስመልስ ሁሌም የምነሳው ከሕፃኑ ነው። እሱ ሲመቸው አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱም ይመቸዋል።

ሕፃን ከስንት ጊዜው ጀምሮ መብረር ይችላል?

ብዙ አየር መንገዶች ከተወለደ 7 ወይም 14 ቀን ያለፈውን ይቀበላሉ። ከዚያ በታች ከሆነ የሐኪም ደብዳቤ የሚጠይቁም፣ ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ። ይፈቀዳል ማለት ግን ይመከራል ማለት አይደለም። የሚያስገድድ ነገር ከሌለ ሁለት ሦስት ወር እስኪሞላው ጠብቁ። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ በአስቸኳይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሰማይ ላይ ደግሞ ሐኪም ቤት የለም።

ያለ ጊዜው የተወለደ፣ የሳንባ ወይም የልብ ችግር ያለበት ሕፃን ከሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ። የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ቦታ አየር ጋር ይቀራረባል። ለጤነኛ ሕፃን ይህ ምንም አይደለም። ሳንባው ለደከመ ግን ልዩነት አለው።

ስለ ክትባትም ጠይቁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ወደ ሌላ አገር የሚጓዝ ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከጉዞው በፊት አንድ ዶዝ የኩፍኝ ክትባት እንዲወስድ ይመክራል። ይህ ዶዝ ተጨማሪ ነው፤ በኋላ የሚሰጡትን መደበኛ ክትባቶች አያስቀርም።

ጆሮው ያመዋል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። ብዙ ሰው "ዝም ብሎ አለቀሰ" የሚለው ለቅሶ ብዙውን ጊዜ የጆሮ ነው።

ከመሃለኛው ጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። ሥራው ከታምቡሩ ውስጥና ውጭ ያለውን የአየር ግፊት ማመጣጠን ነው። በሕፃናት ላይ ይህ ቱቦ አጭርና ጠባብ ነው፤ አቀማመጡም ወደ ጎን የተጋደመ ነው። ስለዚህ ቶሎ አይከፈትም። እኛ ጆሯችን ሲደፈን እናዛጋለን፣ ምራቅ እንውጣለን። ሕፃኑ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው መጥባት ነው፤ መፍትሔውም እሱ ነው። ሲጠባና ሲውጥ ቱቦው ይከፈታል።

እኔ የሠራሁትን ስህተት አትሥሩ። ገና ስንቀመጥ ልጄን አጠባኋት። አውሮፕላኑ ግን ተራ ሲጠብቅ ግማሽ ሰዓት መሬት ላይ ቆየ። ሲነሳ ጠግባ ነበርና እምቢ አለች። መጠበቅ ያለባችሁ አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ ደርሶ ፍጥነት እስኪጨምር ድረስ ነው።

ከመነሳቱ ይልቅ ማረፉ ይብሳል። መውረድ የሚጀምረው መንኮራኩሩ መሬት ከመንካቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሲያርፍ ብቻ የምታጠቡ ከሆነ ዘግይታችኋል። የሞተሩ ድምፅ ቀነስ ሲል፣ ወይም አብራሪው መውረድ መጀመሩን ሲናገር ጡቱን ወይም ጡጦውን ስጡት። ፓሲፋየር የሚጠባ ከሆነም ይሠራል። ተኝቶ ከሆነስ? ልብ አይሰጥም፣ አውቃለሁ። ግን ሰው ሲተኛ ብዙም አይውጥም፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ቀስቅሱት። ጡጦ የምትሰጡ ከሆነ ጭንቅላቱን ቀና አድርጋችሁ ይሁን።

ድክ ድክ ለሚለው ልጅ በስትሮ የሚጠጣ ነገር ይበቃል። "አንበሳ እንዴት ነው የሚያዛጋው?" እያላችሁ አብራችሁት አዛጉ። ማስቲካና ጠንካራ ከረሜላ ግን ለትንሽ ልጅ አይሰጥም፤ ያንቀዋል።

ሁሉም ነገር ከከሸፈና ካለቀሰ ደግሞ ለቅሶው ራሱ ጆሮውን ይከፍትለታል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ለቅሶውን የምሰማው በሌላ ልብ ነው።

ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ካለበት ከጉዞው በፊት ለሐኪም አሳዩት። የሕመም ማስታገሻ የሚያስፈልገው ከሆነ መጠኑን በክብደቱ ልክ ሐኪሙ ይንገራችሁ።

አንድ ሌላ ነገር። በስትሮ የሚጠጣ የተዘጋ ኩባያ ከፍታ ላይ ስትከፍቱት ውሃው ይፈናጠራል። ውስጡ የቀረው አየር ስለሚሰፋ ነው። ክዳኑን አላልታችሁ ትንፋሹን ካስወጣችሁ በኋላ ስጡት።

ጭኔ ላይ ልያዘው ወይስ የራሱን መቀመጫ ልግዛለት?

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በወላጁ ጭን ላይ መጓዝ ይፈቀድለታል። በዓለም አቀፍ በረራ ብዙ አየር መንገዶች የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ያህል ያስከፍላሉ። ልጁ በጉዞው መሃል ሁለት ዓመት ከሞላው ለመመለሻው መቀመጫ መግዛት ግዴታ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቲኬት ስትቆርጡ የልደቱን ቀን አስቡት።

ገንዘቡ ካላችሁ መልሴ አጭር ነው፦ ግዙለት፤ የመኪና ወንበሩንም ይዛችሁ ግቡ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣንም ሆነ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክሩት ይህንኑ ነው። አውሮፕላን በድንገት ሲንገጫገጭ የሕፃኑ ክብደት በክንድ ከሚያዘው በላይ ይሆናል። የእናት ፍቅር ብርቱ ነው፤ ክንዷ ግን ያንን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ አንድ ዲሲ-10 አውሮፕላን ተከሰከሰ። ጭን ላይ የሚጓዙ አራት ሕፃናት ነበሩበት። ዋናዋ የበረራ አስተናጋጅ ጃን ብራውን በጊዜው መመሪያ መሠረት ወላጆች ሕፃናቱን ወለል ላይ እንዲያደርጓቸው ነገረች። ከአራቱ አንዱ ሞተ። እሷም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ መቀመጫና ማሰሪያ እንዲኖረው ስትሟገት ኖረች። ይህን የጻፍኩት ላስፈራችሁ አይደለም። እንዲህ ያለ አደጋ በጣም ጥቂት ነው። መንገጫገጭ ግን የተለመደ ነው።

የመኪና ወንበሩ ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆን አለበት። በአሜሪካ የተሠራ ከሆነ በመኪናም በአውሮፕላንም መጠቀም እንደሚቻል በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ወርዱን ለክታችሁ ከአየር መንገዱ ጋር አረጋግጡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው መስኮት ዳር ነው፤ ሌላው ሰው እንዳይታገድ።

ገንዘቡ ካልበቃስ? አብዛኞቻችን እንደዚያው ነን። ቼክ ኢን ስታደርጉ አጠገባችሁ ባዶ መቀመጫ ይኖር እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ። ካለ ብዙ ጊዜ ይተባበራሉ። ጭን ላይ ስትይዙት የራሳችሁን ቀበቶ ለሁለት እንዳታስሩት። በግጭት ጊዜ የእናንተ ክብደት ሕፃኑን ይጨፈልቀዋል። በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች ከእናንተ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ የሕፃን ቀበቶ ይሰጣሉ። በአሜሪካ አየር መንገዶች ግን አይፈቀድም።

የኦክስጅን ጭምብል ከወረደ መጀመሪያ የራሳችሁን አድርጉ፤ ቀጥሎ የልጁን። አንጀት አይችልም፣ ግን እናንተ ራሳችሁን ከሳታችሁ እሱን የሚረዳው የለም።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የሕፃን አልጋ እንዴት አገኛለሁ?

ባሲኔት የሚባለው እሱ ነው። ከፊት ለፊታቸው ግድግዳ ባለባቸው መቀመጫዎች ላይ ብቻ ነው የሚገጠመው። ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ቲኬት በቆረጣችሁ ቀን ደውሉና ጠይቁ። የክብደትና የቁመት ገደብ አለው፤ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያያል። የቀበቶ ምልክት በበራ ቁጥር ሕፃኑን አውጡ ይሏችኋል፤ ገና እንቅልፍ ሲወስደው። እዚያ መቀመጫ ላይ የክንድ መደገፊያው አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም፤ ለመነሳትና ለማረፍም የእጅ ቦርሳችሁን ከላይ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ማድረግ አለባችሁ። ስድስት ወር ላልሞላው ይህ ሁሉ ያዋጣል። መንከባለል ለጀመረ ልጅ እኔ አልደከምበትም።

ወተትና የሕፃን ምግብ በፍተሻ ያልፋል?

ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ሻንጣ አይገባም የሚባለው ደንብ በብዙ አየር ማረፊያዎች አለ። የሕፃን ወተት፣ የታለበ የጡት ወተትና የሕፃን ምግብ ግን ለጉዞው በሚበቃ መጠን በአብዛኛው ይፈቀዳሉ። ለብቻ በአንድ ቦርሳ አድርጉትና ፍተሻው ላይ ስትደርሱ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሊከፍቱት ወይም በመሣሪያ ሊያዩት ይችላሉ፤ ጊዜ ያዙለት።

የዱቄት ወተት የምትጠቀሙ ከሆነ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን እየለካችሁ በየዕቃው አስቀምጡት። እየተንገጫገጣችሁ ማንኪያ መቁጠር ከባድ ነው። ውሃው የታሸገ ይሁን። ከአውሮፕላኑ ቧንቧ የሚመጣውን ለሕፃን አልሰጥም። ጡጦ አሙቁልን ካላችሁ ደግሞ ሲመጣ እጃችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ በጣም ሊፈላ ይችላል።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በጣም ደረቅ ነው። ሕፃኑን ከወትሮው ደጋግማችሁ አጥቡት። የምታጠባ እናት ራሷም ውሃ ትጠጣ።

በእጅ ሻንጣ ምን ያህል ዳይፐር ልያዝ?

ለበረራው ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ። ከቤት ከወጣችሁበት እስከምትደርሱበት ያለውን ሰዓት ቁጠሩ፤ ለየሁለት ሰዓቱ አንድ፣ ከዚያ ደግሞ ግማሹን ያህል ጨምሩበት። አንድ ጊዜ ትራንዚት ላይ በረራችን ስድስት ሰዓት ዘገየ። ሌሊት ነው፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ የቀረኝ አንድ ዳይፐር ነው። አንዲት የማላውቃት እናት ከራሷ ሦስት አውጥታ ሰጠችኝ። እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። አሁን ሁሌም ትርፍ የምይዘው ለራሴ ብቻ አይደለም።

ለሕፃኑ ሁለት ቅያሪ ልብስ ያዙ። ለራሳችሁም አንድ ሸሚዝ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሕፃኑ ሲያስመልስ የሚያስመልሰው እናንተ ላይ ነው። የቆሸሸውን የምታስሩበት ፌስታል፣ ዋይፕስ፣ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ፣ መድኃኒት ካለው መድኃኒቱ። አንዱን ዳይፐር ከዋይፕስ ጋር በትንሽ ከረጢት ለብቻ አድርጉትና ከፊታችሁ ኪስ ውስጥ አስገቡት። ያኔ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሮጡ ትልቁን ቦርሳ አትጎትቱም።

ዳይፐር የምቀይረው የት ነው?

መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከመቀመጫው በላይ የሚዘረጋ ጠረጴዛ አለ። ሁሉም መጸዳጃ ቤት ውስጥ ግን የለም፤ አስተናጋጆቹን ጠይቁ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሁሉንም ነገር ከፍታችሁ አዘጋጅታችሁ ግቡ። ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አትቀይሩ። ወደ አውሮፕላኑ ከመግባታችሁ በፊት በሩ አካባቢ አንዴ ቀይሩለት።

ጋሪውን ምን ላድርገው?

አብዛኞቹ አየር መንገዶች እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ እየገፋችሁ ሄዳችሁ እዚያ እንድታስረክቡ ይፈቅዳሉ፤ ብዙ ጊዜም በነፃ። ስትወርዱ በሩ ላይ ይሰጧችሁ ወይስ ሻንጣ መረከቢያው ላይ፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ትራንዚቱ ረጅም ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለማንኛውም ማዘያ ያዙ። ሁለት እጅ ነፃ ሲሆን ፓስፖርት ማውጣትም፣ ሻንጣ መጎተትም ይቀላል።

ሰነድስ?

ወደ ሌላ አገር ከሆነ ለአንድ ቀን ሕፃንም የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ቪዛ የሚጠይቅ አገር ከሆነ ቪዛውም እንዲሁ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ ያዙ። ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ይዞት የሚሄድ ከሆነ ሌላኛው የፈቀደበትን በሕግ የተረጋገጠ ደብዳቤ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። የአባትና የእናት ስም ከልጁ ፓስፖርት ጋር በማይመሳሰልበት ጊዜ ይህ ወረቀት ብዙ ጣጣ ያድናል።

መድኃኒት ሰጥቼ ባስተኛውስ?

አይሆንም። የአለርጂ ሽሮፕ ሰጥቶ ማስተኛት በሰፊው ይወራል፤ "እኔ ሰጥቼ ምንም አልሆነም" የሚልም አይጠፋም። መድኃኒቱ የተሠራው ለእንቅልፍ አይደለም፤ በትንሽ ሕፃን ላይ መጠኑ ትንሽ ከበዛ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል። አንዳንድ ልጆች ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ እንደማስተኛት ያቁነጠንጣቸዋል። ያንን በተዘጋ አውሮፕላን ውስጥ አስቡት።

የሞተሩ የማያቋርጥ ድምፅ ብቻውን ብዙ ሕፃናትን ያስተኛል። በሚተኛበት ሰዓት የሚነሳ በረራ ካገኛችሁ፣ ቤት ውስጥ የምታደርጉለትን ሁሉ እዚያም አድርጉለት፦ የሌሊት ልብሱን አልብሱት፣ ያቺኑ ዘፈን ዘምሩለት፣ የለመደውን ጨርቅ ስጡት።

ድክ ድክ የሚለውን ልጅ ለስንት ሰዓት እንዴት አስቀምጠዋለሁ?

ከባዱ ይህ ዕድሜ ነው። ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ያለ ልጅ መሄድ ችሏል፣ ማስረዳት ግን አይቻልም። አስቀምጬው እቆያለሁ ብላችሁ አትነሱ። የእንቅስቃሴ ድርሻውን ቀድሞ ይውሰድ። የመሳፈሪያው በር አካባቢ ይሩጥ፣ ይውጣ፣ ይውረድ።

ሁለት ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነ የቤተሰብ ቅድሚያ ሲጠራ አንዳችሁ ዕቃውን ይዛችሁ ግቡና ቦታውን አመቻቹ። ሌላው ከልጁ ጋር እስከ መጨረሻው ውጭ ይቆይ። አውሮፕላኑ ሳይነሳ አርባ ደቂቃ ታስሮ የቀመሰ ልጅ ለቀሪው ሰዓት ትዕግሥት አይተርፈውም።

አዲስ ዕቃ ከውድ ዕቃ ይበልጣል። ያላየውን ነገር አንድ በአንድ አውጡ፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አታሳዩት። ተለጣፊ ስቲከር የመስኮቱ መከለያ ላይ እየለጠፈ እየነቀለ ግማሽ ሰዓት ይወስድለታል። በትንሽ ዕቃ የተከፋፈለ ብስኩት እያንዳንዱን ክዳን ሲከፍት ሌላ ግማሽ ሰዓት። ድምፅ የሚያወጣና የሚንከባለል አሻንጉሊት እቤት ይቅር። ስክሪን? ለረጅም በረራ እፈቅዳለሁ፤ ያለ ሐፍረት። ቪዲዮዎቹን አውርዳችሁ ያዙ፣ ማዳመጫውንም ቤት ውስጥ አለማምዱት። አለዚያ ጆሮው ላይ አያስቀምጠውም።

የቀበቶ ምልክት በጠፋ ቁጥር አብራችሁት በመተላለፊያው ተመላለሱ። እግሩ ፊት ለፊት ያለውን መቀመጫ የሚመታ ከሆነ ጫማውን አውልቁለት። ያ ለልጁም ለሰውዬውም ዕረፍት ነው።

ካለቀሰና አልተውም ካለስ? ሰው ሁሉ ያየኛል።

ያያችኋል፤ ጥቂቱ ተቆጥቶ፣ ብዙው ግን አዝኖላችሁ። የኔ ልጅ አንድ ጊዜ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስታለቅስ ላብ በላብ ሆኜ ይቅርታ ስጠይቅ፣ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ እጄን ያዝ አድርገው "እሷን እያት እንጂ እኛን ተዪን" አሉኝ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት። ካልሲዋ ውስጥ የገባ ክር ጣቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ፈትሹ። ጆሮው ነው? እርቦታል? ዳይፐሩ? ሞቆታል ወይስ በርዶታል? የሚያጠብቀው ነገር አለ? ሁሉም ደህና ከሆነ ደክሞታል ማለት ነው። ተነሡ፤ ወደ ኋላ ወደ አስተናጋጆቹ አካባቢ ሂዱ፤ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እየተወዛወዛችሁ ቁሙ። ትንፋሻችሁ ሲረጋጋ ይሰማዋል። ስትደነግጡም ይሰማዋል።

ለጎረቤት የጆሮ መድፈኛና ማስታወሻ አዘጋጅተው የሚሰጡ ወላጆች አሉ። ደግነት ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም። ሕፃን ስላለቀሰ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ጥፋት አላጠፋችሁም። ሰላምታና ፈገግታ ይበቃል።

ከደረስን በኋላ ሌሊቱን የማይተኛው እስከ መቼ ነው?

አካል በሰዓት ልዩነቱ ልክ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ስድስት ሰዓት ልዩነት ካለ ሳምንት ያህል ስጡት። ሦስት አራት ወር ያልሞላው ሕፃን ገና ቀንና ሌሊቱን በደንብ ስላልለየ ብዙም አይታወቀው ይሆናል፤ ትልልቆቹ ናቸው የሚቸገሩት።

ጠዋት ወደ ብርሃን አውጡት። ምግቡን በአዲሱ አገር ሰዓት ስጡት። ቀን ላይ ትንሽ ይተኛ፤ እስከ ማታ ግን አትተዉት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ "እንጫወት" ካላችሁ መብራቱን አታብሩ፣ ስልክም አታሳዩት። ከራበው አብሉትና ጨለማው ውስጥ አብራችሁት ተኙ። ከቻላችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀጠሮ አትያዙ፤ ቀን ላይ እሱ ሲተኛ እናንተም ትንሽ እንድታሸልቡ።